የውሃውን መንገድ ሸንሽነው ከሰጡ በኋላ፦ በጎርፍ ቦታ ስለሚደረግ ግንባታ ለወጣ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

ጎርፍ በሚያሰጋቸው የአዲስ አበባ ዳርቻዎች የወረዳና የክፍለ ከተማ ኃላፊዎች በግንባታ ላይ የሚያደርጉት ቁጥጥር ከልክ ያለፈ ነው የሚል አንድ ሰፊ ጽሑፍ ሰሞኑን ወጥቶ፣ ከቃሊቲና ከአቃቂ እስከ ጀሞና ፉሪ፣ ከሰሚትም እስከ ቦሌ አራብሳ ያለውን ነዋሪ ሲያነጋግር ሰንብቷል። ጸሐፊው የሚሉት ባጭሩ የሚከተለው ነው። ጎርፍ የሚመጣው ቦይና ቱቦ ስለማይጠረግ እንጂ ሰው ወንዝ አጠገብ ስለሠራ አይደለም፤ ቦታውን በገረጋንቲ ሞልቶና በድጋፍ ግንብ አጥሮ ከፍ አድርጎ የሠራ ሰው አደጋውን በራሱ ገንዘብ አስወግዷል፤ መንግሥት ራሱ የይዞታ ካርታ የሰጠውን ባለይዞታ «አትሥራ» ማለት ንብረቱን መንጠቅ ነው፤ አደጋ ላይ ያሉት ጨረቃ ቤቶች፣ ማለትም ያለ ፈቃድ የተሠሩ ቤቶች ስለሆኑ ቁጥጥሩ እነርሱን በማፍረስ ላይ ቢወሰን ይበቃል፤ እንደ አሜሪካ ያሉ አገሮች እንኳ በጎርፍ ሜዳ ላይ መገንባትን አልከለከሉም፤ በመጨረሻም ውሃው እስከ የት እንደሚደርስ የሚያሳይ ይፋ የሆነ መስመር በሌለበት ቦታ ኃላፊው የሚከለክለው በግምት ነው።

ከእነዚህ ነጥቦች አንዳንዶቹ ግማሽ እውነት አለባቸው፤ የመጨረሻው ደግሞ ከግማሽ በላይ እውነት ነው። ነገር ግን ጸሐፊው ከእውነቱ ተነሥተው የደረሱበት መደምደሚያ ብዙ ቤተሰብን ለአደጋ የሚያጋልጥ ስለሆነ በዝምታ ላልፈው አልቻልኩም። የእኔ አቋም ከወዲሁ ግልጽ ይሁን። በጎርፍ ቦታ ላይ የሚደረገው ቁጥጥር ችግሩ መብዛቱ ሳይሆን መዘግየቱ ነው። መሬቱ ከመሸንሸኑና ካርታ ከመሰጠቱ በፊት መጀመር ሲገባው፣ ፌሮው ከቆመ ወይም ቤተሰቡ ገብቶ መኖር ከጀመረ በኋላ በደንብ አስከባሪ እጅ ይጀመራል። ጸሐፊውን ያስቆጣቸው ነገር፣ ማለትም ሰው ያለ የሌለ ጥሪቱን ካፈሰሰ በኋላ «ቦታህ የጎርፍ ቦታ ነው» መባሉ፣ እኔንም ያስቆጣኛል። መድኃኒቱ ግን ቁጥጥሩን ማላላት ሳይሆን ወደ ፊት ማምጣት ነው።

ስለ ቦይና ስለ ቱቦ በተባለው ልጀምር። ቦዮች በፌስታል፣ በፕላስቲክ ጠርሙስና ከግንባታ በተረፈ አፈር እንደሚደፈኑ፣ ከሰኔ በፊት መጠረግ ሲገባቸው ብዙ ጊዜ ዝናቡ ከጀመረ በኋላ እንደሚታወሱ ከጸሐፊው ጋር እስማማለሁ። ይሁን እንጂ የመንገድ ዳር ቦይ የሚሠራው በመንገዱና በአካባቢው ጣሪያዎች ላይ የወረደውን ውሃ ተቀብሎ ወደ ወንዝ ለማድረስ ነው። ወንዙ ራሱ ሞልቶ ከዳርቻው ሲወጣ ቦዩ ሊረዳ አይችልም፤ እንዲያውም የወንዙ ውሃ ከቱቦው አፍ በላይ ከፍ ካለ፣ ንጹሕ ሆኖ የተጠረገው ቱቦ ውሃውን ወደ ኋላ መልሶ ወደ ሰፈሩ ያስገባል። ስለዚህ ቦይ መጥረግ የግድ ቢሆንም፣ ወንዙ በሚሞላበት ሜዳ ላይ ለተሠራ ቤት ዋስትና አይሆንም።

ይህ በተለይ ለከተማችን ደቡባዊ ዳርቻ ይበልጥ እውነት የሚሆነው በመሬቱ አቀማመጥ ምክንያት ነው። ሰሜኑ የእንጦጦ ተራራ ከ3,000 ሜትር በላይ ከፍታ ሲኖረው፣ የአቃቂ አካባቢ በ2,100 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል። ትልቁ አቃቂና ትንሹ አቃቂ፣ ቀበናን የመሳሰሉ ገባሮቻቸውን ሰብስበው ይህን ቁልቁለት በአጭር ርቀት ይወርዱና ወደ አባ ሳሙኤል ሐይቅ፣ ከዚያም ወደ አዋሽ ይገባሉ። ውሃው ከላይ በገደልና በጠባብ ሸለቆ ውስጥ ስለሚሮጥ ጥልቀት እንጂ ስፋት የለውም፤ ከታች መሬቱ ሲለጠጥ ግን ፍጥነቱን ይቀንስና ወደ ጎን ይሰፋል። አቃቂ ላይ ጠብ ሳይል ወንዙ ሞልቶ የሚመጣበት ቀን እንዳለ የአካባቢው ሰው ሁሉ ያውቃል፤ ዝናቡ የወረደው እንጦጦ ላይ ወይም ከተማው መሐል ነውና።

ከተማው በሰፋ ቁጥር ደግሞ ከላይ የሚወርደው ውሃ ይጨምራል። አዲስ አበባ በዓመት በአማካይ 1,200 ሚሊ ሜትር ገደማ ዝናብ የምታገኝ ሲሆን ትልቁ ድርሻ የሚወርደው በክረምቱ ወራት ነው። 40 ሚሊ ሜትር ዝናብ በአንድ ከሰዓት በኋላ ቢጥል፣ 100 ካሬ ሜትር ስፋት ካለው አንድ የቆርቆሮ ጣሪያ ላይ ብቻ 4,000 ሊትር ውሃ፣ ማለትም 20 በርሜል ሙሉ ይወርዳል። ቀድሞ ሣርና እርሻ የነበረ አንድ ሄክታር መሬት ሙሉ በሙሉ በጣሪያ፣ በአስፋልትና በኮብልስቶን ሲሸፈን፣ ያው ዝናብ 400 ሜትር ኩብ ውሃ ሆኖ ወደ ታች ይሄዳል። በሰሚት፣ በአያትና በአራብሳ በኩል ስንት ሄክታር በዚህ መልክ እንደተሸፈነ ለማየት ከፍ ያለ ቦታ ላይ መቆም ብቻ ይበቃል። በዚህ ላይ የለገዳዲና የድሬ ግድቦች ክረምት ላይ ሲሞሉ ውሃ መለቀቁ አይቀርም፤ የከተማው ውሃና ፍሳሽ ባለሥልጣንም በታችኛው ተፋሰስ ያሉ ነዋሪዎች እንዲጠነቀቁ ማስጠንቀቂያ ያወጣል። ይህን ሁሉ ውሃ አንድ የወረዳ ቦይ ይሸከመዋል ብሎ ማሰብ፣ ለቦዩ ከተሠራበት በላይ መጠየቅ ነው።

ወደ ሁለተኛው ነጥባቸው፣ ማለትም ወደ ገረጋንቲውና ወደ ድጋፍ ግንቡ ስመጣ፣ እዚህ ላይ ረዘም አድርጌ መጻፍ እፈልጋለሁ። ምክንያቱም ይህ ሐሳብ ከሁሉም በላይ አሳማኝ የሚመስለውና በተግባርም በየቀኑ የምናየው ስለሆነ ነው። ሰውየው ቦታ ይገዛል ወይም በማኅበር ይደርሰዋል፤ ቦታው ረግረግ ያለ፣ መሬቱም ጥቁር መረሬ ነው። መረሬ ሲረጥብ ያብጣል፣ ሲደርቅ ይሰነጣጠቃል፤ ቤት በቀጥታ ቢሠራበት ግድግዳው መሰንጠቁ አይቀርም። ስለዚህ ባለሙያ ሲያማክር መረሬው ተቆርጦ ይውጣና በገረጋንቲ ወይም በሌላ ጥሩ አፈር ይሞላ ይሉታል። ይህ ምክር ለቤቱ መሠረት ትክክለኛ ምክር ነው። ግን ሙሌቱ የተቆረጠውን አፈር በመተካት አያበቃም፤ «ውሃ እንዳይገባ» በሚል ከመሬቱ ወለል በላይ አንድ ሜትር፣ አንዳንዴም ከዚያ በላይ ከፍ ይላል፤ ዙሪያውም በድንጋይ ግንብ ይታጠራል።

ከዚያ በኋላ ውሃው የት ይሄዳል? ጸሐፊው ይህን ጥያቄ በጽሑፋቸው ውስጥ አንድ ጊዜም አላነሡትም። 200 ካሬ ሜትር ቦታ በአንድ ሜትር ከፍ ሲል፣ ወንዙ ሲሞላ ውሃ ይተኛበት ከነበረው ሜዳ ላይ 200 ሜትር ኩብ ቦታ ይወሰዳል። 16 ሜትር ኩብ በሚጭን ሲኖትራክ ቢሰላ ከ12 ምልልስ በላይ ነው። ይህ ለአንድ ቤት ትንሽ ይመስላል። አንድ መቶ አባላት ያሉት ማኅበር እንዲሁ ሲያደርግ ግን 20,000 ሜትር ኩብ ይሆናል፤ ከማኅበሩ ቀጥሎ ሌላ ማኅበር፣ ከእርሱም ቀጥሎ መጋዘንና ፋብሪካ አለ። ቦታውን የተነጠቀው ውሃ አይጠፋም፤ ወይ ወደ ላይኛው ጎረቤት ወደ ኋላ ይቆማል፣ ወይ ወደ ማዶ ይሻገራል፣ ወይም በጠበበው መንገድ ውስጥ ፍጥነት ጨምሮ የታችኛውን ዳርቻ ይበላል። ቀድሞ ሠርቶ ሃያ ዓመት ያለ ሥጋት የኖረ ሰው፣ አጠገቡ አዲስ ግንብ በተሠራ በመጀመሪያው ክረምት ሳሎኑ ውስጥ ውሃ ሲያይ «ዘንድሮ ዝናቡ ከፋ» ይላል። ዝናቡ የከፋ ሊሆን ይችላል፤ ነገር ግን የተለወጠው መሬቱም ነው።

ከዚህ በኋላ የሚሆነውን መገመት አያዳግትም። ውሃ የገባበት ጎረቤትም አቅም ካለው ግቢውን ይሞላል፤ አቅም የሌለው ደግሞ የሁሉንም ውሃ ይቀበላል። በመጨረሻ በሰፈሩ ውስጥ ዝቅ ብለው የሚቀሩት ጡረተኞች፣ ባል የሞተባቸው እናቶች፣ ቤታቸውን አከራይተው የሚኖሩና የግቢያቸውን አፈር ለማስለወጥ ገንዘብ የሌላቸው ናቸው። ጸሐፊው አደጋውን በራሱ ገንዘብ ያስወገደ ሰው ያሉት በእርግጥ አደጋውን ያስወገደ ሰው አይደለም፤ አደጋውን ከአጥሩ ውጪ አውጥቶ ለሌላ ያስተላለፈ ነው። ሆን ብሎ አድርጎታል ማለቴ አይደለም። ከአጥሩ ውስጥ ሆኖ ሌላውን ማየት አይችልም፤ ለዚህም ነው ሙሉውን የወንዝ ዳርቻ ማየት የሚችልና የማየት ግዴታ ያለበት ኃላፊ የሚያስፈልገው።

ለራሱ ለባለቤቱም ቢሆን ሙሌቱ የተሟላ መፍትሔ አይደለም። ቤቱ ከፍ ቢልም ወደ ቤቱ የሚወስደው መንገድ ዝቅ ብሎ ይቀራል፤ ሌሊት ውሃ ሲመጣ ምጥ የያዛት ሴት ወይም የታመመ ልጅ በየት ይወጣል? የመጸዳጃ ጉድጓዱ ከጎርፉ ውሃ በታች ስለሆነ ሞልቶ ይወጣል፤ ይህ ቆሻሻ ከጎርፉ ጋር ተቀላቅሎ በየግቢው ይዞራል። በደንብ ያልተጠቀጠቀ ሙሌት ደግሞ ውሃ ሲጠግብ ይሰጥማል፤ ውሃ ማስወጫ ያልተተወለት የድጋፍ ግንብ ከኋላው በሚጠራቀመው ውሃ ግፊት ተገፍቶ ይወድቃል።

እዚህ ላይ የፈቃድ አሰጣጡን አንድ ጉድለት ላንሣ። በ2001 ዓ.ም. የወጣው የሕንፃ አዋጅ ቁጥር 624 ግንባታን የሚቆጣጠረውን የሕንፃ ሹምን፣ የፕላን ስምምነትን (የታሰበው ግንባታ ከከተማው ፕላን ጋር መስማማቱ ከፈቃድ በፊት የሚረጋገጥበትን) እንዲሁም የግንባታ ፈቃድን ሥርዓት ዘርግቷል፤ ሕንፃዎችንም በሦስት ምድብ ከፍሏል። በአዋጁ አከፋፈል በምሰሶዎቹ መካከል ያለው ርቀት ከ7 ሜትር ያልበለጠ ባለ አንድ ፎቅ ሕንፃ ዝቅተኛው ምድብ ውስጥ ሲወድቅ፣ ሕዝብ የሚገለገልበት ወይም ከ12 ሜትር በላይ ከፍታ ያለው ሕንፃ ከፍተኛው ምድብ ውስጥ ይገባል። ምድቡ የሚጠይቀው ስለ ሕንፃው ግዝፈትና አገልግሎት ነው፤ ስለ ቆመበት መሬት አይደለም። በዚህም ምክንያት በወንዝ አፋፍ ላይ የሚሠራ ትንሽ የመኖሪያ ቤት፣ ለነፍስ ከሁሉ በላይ የሚያሰጋው ሆኖ ሳለ፣ በወረቀት ላይ ከሁሉ የቀለለ ግንባታ ሆኖ ይታያል። ለፎቅ ሕንፃ የአፈር ምርመራ ይጠየቃል፤ ይህ ምርመራ መሬቱ ሕንፃውን ይሸከም እንደሆነ ይነግረናል እንጂ ውሃው በየት እንደሚያልፍ አይነግረንም። ጸሐፊው ቁጥጥሩ በዝቷል ሲሉ የመጠየቂያ ቅጾቹን ብዛት ቆጥረው ከሆነ አልከራከራቸውም። ከቅጾቹ መካከል ዋናውን ጥያቄ፣ ማለትም «የዚህ ቦታ ወለል ከወንዙ የጎርፍ ከፍታ በስንት ሜትር ይበልጣል?» የሚለውን የሚጠይቅ ቢኖር ግን ከሌሎቹ ብዙዎቹ ባይኖሩም ኖሮ አይቆጨኝም ነበር።

ሦስተኛው ነጥብ የመብት ጉዳይ ነው። ካርታ ይዞ፣ ሊዝ ከፍሎ፣ ግብር ገብሮ የኖረ ሰው ድንገት መከልከሉ በደል እንደሆነ ጸሐፊው ይናገራሉ፤ ልክ ናቸው። በሕገ መንግሥቱ አንቀጽ 40 መሠረት መሬት የመንግሥትና የሕዝብ የጋራ ንብረት ነው፤ አይሸጥም፣ አይለወጥም። ታዲያ መሬቱን የሚያስተዳድረው አካል ውሃ የሚተኛበትን ቦታ ሸንሽኖ ለዜጋ ሲያስተላልፍ፣ ስህተቱ የሰጪው እንጂ የተቀባዩ አይደለም። ስለዚህም ምትክ ቦታና ለንብረቱ ተገቢ ካሣ መሰጠት አለበት፤ በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 መሬት ለሕዝብ ጥቅም ሲለቀቅ ካሣ የሚከፈልበትንና ተነሺዎች መልሰው የሚቋቋሙበትን አሠራር ይደነግጋል። እዚህ ድረስ ከጸሐፊው ጋር ልዩነት የለኝም።

ልዩነታችን የሚጀምረው፣ ካርታ ተሰጥቷልና ግንባታውም ይፈቀድ ሲሉ ነው። ለመኖሪያ ቤት የሚሰጠው የሊዝ ዘመን 99 ዓመት ነው። በየትኛውም ዓመት የመድረስ ዕድሉ ከመቶ አንድ ብቻ የሆነ ከባድ ጎርፍ፣ በዚህ የ99 ዓመት ዘመን ውስጥ ቢያንስ አንድ ጊዜ የመድረስ ዕድሉ 63 በመቶ ገደማ ነው። በ30 ዓመት ውስጥ፣ ማለትም አንድ ቤተሰብ ልጆቹን አሳድጎ በሚድርበት ጊዜ ውስጥ እንኳ ዕድሉ 26 በመቶ ነው። በየዓመቱ ከመቶ ሁለት ዕድል ያለው ጎርፍ ከሆነ ደግሞ በ30 ዓመት ውስጥ 45 በመቶ ይሆናል። እነዚህ ቁጥሮች በግምት የተቀመጡ አይደሉም፤ ማንም ሰው በስልኩ ሊያሰላቸው ይችላል። የሊዝ ውል የሚያዋውለው ኃላፊ ይህን እያወቀ ፈቃድ ቢሰጥ፣ የተዋዋለው ሰው መብት ተጠበቀለት ማለት አይቻልም፤ ኪሣራው እስከሚመጣ ድረስ ተራዘመለት እንጂ።

ስለ ጨረቃ ቤቶች በተጻፈው ላይ ባጭሩ ልመልስ። ሰነድ አልባ ይዞታዎች ሕጋዊ የሚደረጉት ብዙ ጊዜ በ1997 ዓ.ም. የአየር ካርታ ላይ መታየታቸው ተረጋግጦ ነው። የአየር ካርታ በዚያ ዓመት ቤቱ መኖሩን ይመሰክራል፤ ቤቱ ውሃ በሚደርስበት ቦታ ላይ አለመሆኑን ግን አይመሰክርም። ስለዚህ ሕጋዊ የሆነውን ቤት ሁሉ ከአደጋ የራቀ፣ ሕጋዊ ያልሆነውን ሁሉ አደጋ ላይ ያለ አድርጎ መክፈል አይቻልም። በ1998 ዓ.ም. ክረምት በድሬዳዋ የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ከ250 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ዝናቡ የወረደው ከከተማዋ በላይ ባሉት ደጋማ ቦታዎች ነበር። በነሐሴ 2013 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በደረሰው ድንገተኛ ጎርፍም ቢያንስ 7 ሰዎች ሕይወታቸው አልፏል። ውሃው ወደ ቤት ሲገባ የባለቤትነት ሰነድ አይለይም።

ማፍረሱን በተመለከተም፣ መሄጃ ሳይዘጋጅለት ቤቱ የፈረሰበት ቤተሰብ የሚሄደው አቅሙ ወደሚፈቅድለት ቦታ ነው፤ አቅሙ የሚፈቅድለት ደግሞ ማንም የማይፈልገው፣ ርካሽ የሆነው ሌላ የወንዝ አፋፍ ነው። ቁጥጥሩን በማፍረስ ብቻ መወሰን ማለት አደጋውን ከአንድ ወረዳ ወደ ሌላ ወረዳ ማዘዋወር ነው። ይህን የምለው ወንዝ ውስጥ የተሠራ ቤት አይነሣ ለማለት አይደለም። ይነሣ፤ ግን ክረምት ሳይገባ፣ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶና ሰዎቹ የሚያርፉበት ቦታ ታውቆ ይሁን።

የአሜሪካው ምሳሌ ደግሞ ጸሐፊው ከሚያስቡት በተቃራኒ ነው የሚመሰክርባቸው። እውነት ነው፣ በዚያ አገር በጎርፍ ሜዳ ላይ መገንባት በጅምላ አልተከለከለም። ነገር ግን በ1968 እ.ኤ.አ. በተቋቋመው ብሔራዊ የጎርፍ መድን መርሐ ግብር መሠረት፣ የአንድ ከተማ ነዋሪዎች መድኑን ማግኘት የሚችሉት የከተማው አስተዳደር በጎርፍ ሜዳው ላይ የሚደረገውን ግንባታ በራሱ ደንብ ለመቆጣጠር ሲስማማ ብቻ ነው። በየዓመቱ ከመቶ አንድ የመድረስ ዕድል ያለው ጎርፍ በሚያጥለቀልቀው ቦታ ላይ ማንም ያለ ፈቃድ አይገነባም፤ አዲስ የመኖሪያ ቤት የሚሠራ ሰውም የመጀመሪያውን ወለል ቢያንስ የዚያን ጎርፍ ከፍታ ያህል ማድረግ አለበት። ከሁሉም በላይ ግን ውሃው በኃይል የሚያልፍበት ዋናው መተላለፊያ ክፍት ሆኖ እንዲቆይ ይጠበቃል፤ በዚያ ውስጥ አፈር መሙላትም ሆነ ግንብ ማቆም የሚፈልግ ሰው ሥራው የጎርፉን ከፍታ እንደማያሳድግ በባለሙያ ስሌት ካላረጋገጠ አይፈቀድለትም። ነባር ቤትም ቢሆን የእድሳቱ ወይም የጥገናው ወጪ ከቤቱ የገበያ ዋጋ ግማሽ ከደረሰ እንደ አዲስ ግንባታ ተቆጥሮ ደንቡን እንዲያሟላ ይገደዳል። ጸሐፊው «እዚያ ይፈቀዳል» ያሉት እንግዲህ ይህ ነው። ጎረቤትን እንዳይጎዳ ተሰልቶ የሚፈቀደው ግንባታ፣ እርሳቸው በየሰው ፈቃድ ይተው ካሉት ሙሌት ጋር አንድ አይደለም። እዚያ ያለውን ሥርዓት እንዳለ እናምጣ አልልም፤ መድኑም፣ ካርታውም፣ አቅሙም የተለየ ነው። ምሳሌው ከተጠቀሰ አይቀር ግን ሙሉው መጠቀስ ነበረበት።

የቀረው የመጨረሻው ነጥባቸው ነው፤ ከሁሉም የበለጠ ክብደት የምሰጠው ለዚህ ነው። ይፋ የሆነ የጎርፍ መስመር በሌለበት ኃላፊው የሚወስነው በግምት ነው ይላሉ። ግምት ባለበት ደግሞ አንዱ ባለጉዳይ ተከልክሎ አጠገቡ ያለው የሚፈቀድለት፣ ምክንያቱም የማይነገርበት ሁኔታ ይፈጠራል፤ ከዚያም አልፎ ለእጅ መንሻ በር ይከፈታል። በሩቁ የሰማሁት ሳይሆን በአካባቢዬ ሰዎች ሲማረሩበት የኖርኩት ጉዳይ ስለሆነ ጸሐፊውን በዚህ አልቃወምም። የምቃወመው ከዚህ ተነሥተው «እንግዲያው ክልከላው ይቅር» ማለታቸውን ነው። መስመሩ ከሌለ መሰመር ነው ያለበት።

ለማስመርም አዲስ ሥልጣን አያስፈልግም። በ1992 ዓ.ም. የወጣው የውሃ ሀብት አስተዳደር አዋጅ ቁጥር 197፣ የሚመለከተው አካል የውሃ አካላትን ዳርቻ እንዲከልልና በተከለለው ዳርቻ ውስጥ የመኖሪያ ቤት መሥራትን እንዲከለክል ሥልጣን ሰጥቷል። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 ደግሞ መላውን ከተማ ከሚመለከተው መዋቅራዊ ፕላን በታች የየአካባቢውን ዝርዝር የሚያሳይ የአካባቢ ልማት ፕላን እንዲዘጋጅ ያዝዛል፤ የወንዝ ዳርቻ መስመር በቁራሽ መሬት ደረጃ መታየት ያለበትም በዚህ ፕላን ላይ ነው። የቴክኒክ አቅም የለም የሚባለውንም አልቀበልም። በ2011 ዓ.ም. ይፋ የተደረገው ሸገርን የማስዋብ ፕሮጀክት ከእንጦጦ እስከ አቃቂ 56 ኪሎ ሜትር የወንዝ ዳርቻን ለማልማት የታቀደ ነው። ለዚህ ያህል ርቀት የወንዝ ዳርቻ ያጠና ከተማ፣ በዚያው ሙያተኛ የጎርፉን ከፍታም አስልቶ በካርታ ላይ ሊያሰፍር ይችላል። ስሌቱ በሚጎድልበት ቦታ ነባር ነዋሪዎች አሉ፤ ውሃው በየትኛው ዓመት እስከ የትኛው ዛፍ፣ እስከ የትኛው ድልድይ እንደደረሰ ያዩ ሰዎች ናቸው። ቀያሹ የጠቆሙትን ነጥብ ለክቶ ሊመዘግበው ይችላል።

ከባዱ ነገር ሌላ ነው፤ ጸሐፊውም አላነሡትም። ወንዞቹ የአስተዳደር ወሰን አያውቁም። የላይኛው ተፋሰስ ለገጣፎ፣ ሱሉልታና ቡራዩ ውስጥ ነው፤ እነዚህ አካባቢዎች ከ2015 ዓ.ም. ጀምሮ በኦሮሚያ ክልል ሥር ያለችው የሸገር ከተማ አካል ሆነዋል። መሐሉ አዲስ አበባ ነው፤ የታችኛው ክፍል ገላንን ይዞ እንደገና ሸገር ነው። አንዱ አስተዳደር በድንበሩ ውስጥ ዳርቻውን ቢጠብቅ እንኳ፣ ከላይ ያለው ኮረብታው ሁሉ በቤት ሲሸፈን ዝም ካለ መስመሩ በጥቂት ዓመታት ውስጥ የተሳሳተ ይሆናል። ስለዚህ የጎርፉ ስሌት ለሁለቱ ከተሞች በአንድነት ተሠርቶ፣ ሁለቱም በሚሰጡት ፈቃድ ላይ አንድ ዓይነት ከፍታ ሊጠቀሙ ይገባል።

መስመሩ ከወጣ በኋላ የፕላን ስምምነት ሲጠየቅ መልሱ በጽሑፍ ይሁን፤ በጽሑፉም ላይ የቦታው ወለል ከፍታና የጎርፉ ከፍታ በሜትር ይጻፍ። የተከለከለ ሰው ቁጥሩን ይዞ ለሌላ ባለሙያ ሊያሳይ፣ ይግባኝም ሊል ይችላል፤ የተፈቀደለትም ሰው ወለሉን ከየት ማስነሣት እንዳለበት ያውቃል። ቦታ የሚገዛ ሰው እንዳይታለል ያው ቁጥር በይዞታ ካርታው ላይም ይስፈር። ይህ ሁሉ ጊዜ እንደሚፈጅ አውቃለሁ። እስከዚያው ድረስ ግን በወንዞቹ ዳርቻ አዲስ ሽንሻኖ እንዳይሰጥ ማቆየት የማንንም ካርታ አይነካም፣ ማንንም አያፈናቅልም፣ ካሣም አይጠይቅም፤ የሚያስፈልገው የሁለቱ ከተሞች የመሬት አስተዳደር ውሳኔ ብቻ ነው፤ ይህም ከሚቀጥለው የሊዝ ጨረታ በፊት ሊወሰን ይችላል።